ፀሐይን በበረዶ ማሳደር

አዳማ፣ የካቲት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ብዙነህ፣ ኦሮራ፣ አሜሪካ፣

የአዳማ አቧራ እርስዎ ዘንድ ባይደርስም ሰላምታዬ ይድረስዎት። እናቴ ዓለምነሽ ጉልበቷን ከማመሟ በቀር ደህና ናት። «ያንን ቀልደኛ የአክስቴን ልጅ ሳሚልኝ» ብላለች። እርስዎ «ቁም ነገር ከሆነ ጻፊው፤ በስልክ ከሆነ እቀልድብሻለሁ» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ።

የምመራው የሴቶች ወተት ማኅበር ሃያ አራት አባላት አሉት። የወተት ፋብሪካው ከመጪው ፋሲካ ማግስት የሚጀምር የሙከራ ውል ሰጥቶናል። እስከ ጳጉሜን ድረስ ወተታችን ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ ከተመለሰ ውሉ ይቀደዳል። ካልተመለሰ የአንድ ዓመት ውል ይፈርምልናል። ውሉ ከቀረ ሃያ አራታችንም ተመልሰን በደላላ እጅ እንወድቃለን፤ ደላላ ደግሞ ወተት ሲለካ ዓይኑን እንጂ መለኪያውን እንደማያምን ያውቃሉ።

የጠዋቱ ወተት አያሳስበኝም፤ ወዲያው መኪና ላይ ይወጣል። የማታው ነው ጭንቀቱ። መብራት የሚጠፋው ምሽት ላይ ነው፤ ወተቱም እስኪነጋ ይኮመጥጣል። አሮጌው ጀነሬተራችን የምናገኘውን ሁሉ በናፍጣ ይጠጣብናል፤ እሱም ሞቱ ተቃርቧል። የሚያናድደው ደግሞ ከኮረብታው ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ሲዞሩ እያየን እኛ በጨለማ መቀመጣችን ነው።

እንግዲህ አጎቴ፣ ደፍሬ ልለምንዎት፦ አንድ ደህና ጀነሬተር ይግዙልን።

ታዛዥዎ ከበቡሽ

---

ኦሮራ፣ መጋቢት 6 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወተት ንግሥቷ ለከበቡሽ፣

ላሞችሽ አይንጠፉ። የዓለምነሽም ጉልበት ለሠርግሽ ጭፈራ ይዳንላት። ስለ ሠርግ እንዳላነሳ እንዳስጠነቀቅሽኝ አልረሳሁም፤ ያነሳሁት ጉልበት ነው።

ጀነሬተር አልገዛልሽም። ደብዳቤውን ቀደሽ ለጥጃ ከማብላትሽ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ታክሲውን ትቼ አዲስ ሥራ እንደያዝኩ ታውቂያለሽ። የነፋስ ማመንጫ ክንፍ ከጫነ ትልቅ መኪና ፊት ፊት፣ በድርጅቱ ፒክአፕ፣ ቢጫ መብራት እያብለጨለጭኩ መንገድ አስለቅቃለሁ። ከኮሜርስ ሲቲ ተነስተን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሜዳው ነው ጉዟችን። ክንፉ ሃምሳ ሜትር ነው። እሱን አስከትዬ ስሄድ ራሴን እንደ መልአክ እቆጥራለሁ፤ ባለ አንድ ክንፍ መልአክ። ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን አብረውኝ የሚነዱ ሹፌሮችና የኦሮራ ቤተ መጻሕፍት አስተምረውኛል፤ ስለዚህ አጎትሽ አሁን ያልተመረቀ መሐንዲስ ነው።

የኮረብታሽ ነፋስ አልከዳሽም። እሱ የሚያመነጨው ወደ አገሩ ሁሉ መስመር ይገባል። እንደ እድር መዋጮ ቁጠሪው፤ መዋጮው ከደጅሽ ስለተሰበሰበ ድንኳኑ አንቺ ግቢ አይተከልም። ግን አትናቂው። አገራችን መብራቷን የምታገኘው በብዛት ከግድብ ነው። ወንዝ በበጋ ይከሳል፤ ነፋስ ደግሞ በበጋ ይበረታል። ነፋሱ በዞረ ሰዓት ሁሉ ያንን ያህል ውሃ ግድቡ ውስጥ ይተርፋል፤ የተረፈው ውሃ ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ምድጃውን ሲለኩስ ይደርሳል። ናፍጣ አይጠይቅ፣ ዶላር አይጠይቅ። የእናንተ ጣጣ ምሽቱ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጎትት መስመሩ ይዝላል፤ አንቺም ወተትሽን ልታቀዘቅዢ የምትጎትቺው በዚያው ሰዓት ነው።

ባለፈው ረቡዕ እዚህ ከባድ የበረዶ ማዕበል ወርዶ የእኛም አፓርትመንት መብራት ጠፋ። አዎ፣ አሜሪካም ይጠፋል፤ ለሰው አትንገሪ። ልጄ ሊዲ «ዳዲ፣ አይስክሬሙ!» ብላ ጮኸች። «ፍሪዘሩን እንዳትከፍቺ» አልኳት። በማግስቱ አይስክሬሙ እንደ ድንጋይ ነበር፤ ለመንገድ የምይዛቸው የውሃ ጠርሙሶች በረዶ ሆነው ከብበውት አድረዋል። ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። በረዶ ማለት እኮ የትናንት መብራት ነው! ቀን በሶላር በረዶ ሥሪ፤ ማታ የወተት ዕቃዎቹን በበረዶ ውሃ ገንዳ ውስጥ አቁሚ። ባትሪ እንኳ አያስፈልግሽም። ፀሐይን በበረዶ ታሳድሪያታለሽ፤ ምሽት ላይም ከመስመሩ ምንም አትጎትቺም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ትያለሽ። የእሑድ እቁብ አላችሁ። ፀሐይን ሃያ አምስተኛ አባል አድርጓት። አዲሱ ዙር ሲጀመር የመጀመሪያውን እጣ እሷ ትውሰድ፤ በእሱ ሶላሩና ሁለት ያገለገሉ ፍሪዘሮች ይገዙ። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። ከዚያ በየእሑዱ ለናፍጣ ታወጡት የነበረውን በፀሐይ ስም ጣሉላት። «እጣ ቀድሞ የወሰደ ዋስ ይጠራል» ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ዋሷ እኔ ነኝ። ሊዲ ሰምታ «ኖ ዌይ ዳዲ፣ ለፀሐይ ማን ይፈርማል?» አለችኝ። ፈርሜያለሁ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ።

ባለ አንድ ክንፉ አጎትሽ ብዙነህ

---

አዳማ፣ መጋቢት 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ክንፍዎ አይሰበር። ደብዳቤዎን ሁለት ቀን ተናድጄበት በሦስተኛው ቀን ገባኝ። እሑድ ለሴቶቹ አነበብኩላቸው። የሆነውን እንዳለ ልጻፍልዎት።

«አዲሷ አባል የታለች?» አለች ሳፍያ። ሳፍያ ሦስት ላም ያላት፣ ከማኅበሩ ሁሉ ክርክር የምትወድ ጎረቤቴ ናት።

«ያቻትና» አልኳት ወደ ሰማይ እያሳየሁ።

«ማታ ማታስ የት ትገባለች?»

«ትተኛለች፤ እንደ ባልሽ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳፍያ ግን አልለቀቀችኝም። «እጣውን በልታ ብትጠፋስ? ደመና አግብቷት ብትቀርስ?»

ያኔ ወረቀትዎን አወጣሁ። «እኔ ብዙነህ፣ ፀሐይ ብትዘገይ፣ ብትቀር ወይም ብትክድ ስለ እሷ ከፋይ ነኝ» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሳፍያ አሰበችና «ፀሐይን አላምናትም፤ ዋሷን ግን አምናለሁ» ብላ እጇን አወጣች። ሌሎቹም ተከተሉ። ፀሐይ የመጀመሪያውን እጣ በላች!

አንድ ነገር ልናዘዝልዎት። በሞቅታው መሃል «ውሉ ከተቀደደ ሊቀ መንበርነቴንም፣ ጊደሬንም ውሰዱ» አልኩ። ጊደሯን ያውቋታል፤ ከእናትዋ ስር ጀምሮ በእጄ ያሳደግኳት ናት። አሁን ጾም ስለሆነ ወተት ፈላጊ የለም፤ እስከ ፋሲካ ሥራውን እንጨርሳለን። የሶላር ሰሌዳዎቹን እንዴት እንደምንተክል ይንገሩን።

ከበቡሽ

---

ኦሮራ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለከበቡሽ፣ ጊደሯን በቃል ለሸጠችው፣

ጾሙን በሰላም ያስፈታሽ፤ ጊደሯም ለሴቶቹ ሳትሰጥ በበረቷ ታርጅ።

ሰሌዳዎቹ ጣሪያ ላይ አይውጡ፤ ማጽዳት ትሰንፋላችሁ፤ ዓመሉን አውቀዋለሁ፤ የእኔም ነው። ግቢ ውስጥ በወገብ ቁመት፣ በትንሹ ዘንበል አድርጋችሁ ትከሏቸው። በየሦስት ቀኑ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ። ከሁሉ በላይ ጥላ! የአንድ ሰው እጅ የሚያህል ጥላ እንኳ ከሚገመተው በላይ ጉልበት ይሰርቃል። አጠገቡ ዛፍ ካለ ቅርንጫፉን ቁረጡ።

ትናንት ክንፋችንን ሜዳው ላይ አድርሰን ፓርክ አደረግንና ምሳ በላን። ነፋሱ ሳንድዊቼን ከእጄ ነጥቆ ወሰደው። አልከፋኝም፤ ደመወዙ ነው።

አጎትሽ

---

አዳማ፣ ግንቦት 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለፀሐይ ዋስ ለአቶ ብዙነህ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ከግንቦት አሥር ጀምሮ በአገሩ ሁሉ የመብራት ፈረቃ ታውጇል። የግድቡ ውሃ አንሷል ተብሏል። እኛ ግን አልደነገጥንም ነበር፤ ሶላር አለን ብለን።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት በረዷችን እንደ አለት ነበር። ከዚያ እየሳሳ መጣ። አሁን እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው፤ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ቀልጦ ያልቃል። የማንጎውን ቅርንጫፍ ቆርጫለሁ፤ አቧራውን በየቀኑ ጠዋት በእጄ እጠርጋለሁ። ሰማዩም ብራ ነው። ፋብሪካው ሁለት ጊዜ ወተታችንን መለሰ፤ መበላሸቱን ሊፈትሹ አልኮል ጠብ ሲያደርጉበት ቋጠረ። ሦስተኛው ከተመለሰ አለቀ።

ናፍጣ መግዛት ስለጀመርን ፀሐይ ሁለት እሑድ ሳትጥል ቀርታለች። ሳፍያ ተነስታ «ዋሱ ይጠራ» አለች፤ ሁሉም አጨበጨበ። ጠርተንዎታል።

ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ወሬ ያቆማሉ።

ከበቡሽ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ለጊዜው

---

ኦሮራ፣ ግንቦት 30 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለከበቡሽ፣

«አቶ» ያልሽኝ ቀን አረጀሁ። እናትሽ እንኳ ስትቆጣኝ «አንተ ውሻ» ነው የምትለኝ፤ እሱ ይሻለኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ወዳጄ ተስፎም ነው። አብረን ታክሲ ነድተናል፤ አማርኛውን አሥመራ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሰው ነው። የአሥመራ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ በአዲስ አበባ በኩል እናቱን ሊያይ እየሄደ ነው። የፀሐይን ሁለት እሑድ፣ ሊመጡ የሚችሉትንም ጥቂት እሑዶች ይዞልሻል። ዋስ ማለት እንዲህ ነው። ስለ እኔ አትጨነቂ፤ ደህና ነኝ፤ ዶክተሩ እንቅስቃሴ አብዛ ስላለኝ አብዝቻለሁ።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። ፀሐይ አትሰንፍም፤ የሚያሰንፋት አለ። ጠዋት ሰሌዳውን ትጠርጊያለሽ አልሽኝ። ከዚያስ? ወተቱን ይዘሽ ፋብሪካ ትሄጃለሽ፤ ስትመለሺ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ሥራዋን የምትሠራው አንቺ በሌለሽበት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ወተቱን ሌላ ሰው ያድርስ። አንቺ ላም ጋጥ ውስጥ ተደብቀሽ ዋይ። ተንኮል መሆኑን አውቃለሁ፤ ከእኔ ነው የተማርሽው።

አጎትሽ (አቶ አይደለሁም)

---

አዳማ፣ ሰኔ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሼ ብዙነህ፣

በእግርዎ ላይ ወድቄያለሁ፤ ያንሱኝ። ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሳምንት ሆኖታል፤ እንኳንም የደብዳቤ ሰው ሆኑ።

እንዳሉኝ ጋጥ ውስጥ ዋልኩ። እስከ ሦስት ሰዓት ምንም የለም። ሰሌዳዎቹ እንደ መስታወት ያበራሉ። አራት ሰዓት ሲሆን የግቢው በር ተከፈተ፤ ሳፍያ ገባች። በራሷ ላይ ትልቅ ሰፌድ ተሸክማለች። ቀጥ ብላ ወደ ሶላሩ ሄደች፤ ነጠላዋን አነጠፈችበት፤ በላዩ በርበሬዋን አሰጣችው! ከኋላዋ አምስት ሴቶች፣ አምስት ሰፌድ። አንዷ ብቅል ነው የያዘችው።

ከጋጡ ወጣሁ። ገለባ ጸጉሬ ላይ ነበር።

«ሳፍያ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«በርበሬ እያሰጣሁ» አለች ሳትደነግጥ። «ምን የመሰለ መደብ አሠራሽልን! ከታች ይሞቃል፣ ከላይ ይሞቃል፤ ዶሮ አይደርስበት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ነዋ። ፀሐይ አባላችን አይደለች? አባል ለአባል ይተባበራል።»

«አንቺ ሴት! የአባሏን አፍ በበርበሬ አፍነሽ ነው ዋሷን ያስጠራሽው?»

ሳፍያ ሰፌዷን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ሰማዩን አየች። ከዚያ እሷው ናት ቀድማ የፈነዳችው፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ለመቆጣት ብሞክርም አልሆነልኝም። እኔው ራሴ ጥላ ማለት የዛፍ ብቻ መስሎኝ ማንጎውን ስቆርጥ ከርሜያለሁ።

በሦስተኛው ቀን በረዶው ተመልሶ አለት ሆነ። በፈረቃው ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም የእኛ ወተት ቀዝቃዛ ነው። ባለፈው ሐሙስ የጎረቤት ማኅበር ወተቱን እያለቀሰ ይዞ መጣ፤ ገንዳችን ውስጥ አሳደርንለት። የማደሪያውንም ከፈለ። ፀሐይ እሑድ ጣለች፤ ሦስተኛው መመለስ አልመጣም።

አንድ ነገር ግን አለ። ተስፎም ከእናቴ ጋር ቁጭ ብሎ ሲያወጋ፣ ዶክተሩ ያዘዘልዎት እንቅስቃሴ ሮዝ ቀለም ያለው የሊዲ ብስክሌት መሆኑን ነገረን። በሃቫና ስትሪት ሲነዱ አይቶዎታል። ካምሪ መኪናዎን ለምን እንደሸጡ አልነገረንም። መቼ እንደሸጡ ግን ነግሮናል፤ የዋስ ጥሪያችን በደረሰዎት ሳምንት።

ሳፍያ ይህን ስትሰማ አልሳቀችም።

ከበቡሽ

---

ኦሮራ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለጋጥ ሰላይዋ ለከበቡሽ፣

ደብዳቤሽን ኮሜርስ ሲቲ ክንፍ እስኪጫን እየጠበቅኩ አነበብኩት። ስስቅ የመኪናው ሹፌር ኤሊያስ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ብሎ ሮጦ መጣ። ሳነብለት እሱም ፒክአፑ ላይ ተደፋ። አስራ አምስት ደቂቃ ዘገየን፤ ሜዳው ላይ ነፋሱ ቆሞ ጠበቀን።

ተስፎም ውሸታም ነው። ብስክሌቱ ሮዝ አይደለም፤ ሐምራዊ ነው። ካምሪውም አርጅቶ ነበር።

አሁን ክረምት ነው፤ ደመናው ሲበረታ ፀሐይ ትደክማለች። እንዳትፈሪ። ዝናቡ ግድቡን ይሞላል፤ መብራቱም ይመለሳል። ፀሐይና ነፋስ በበጋ፣ ውሃ በክረምት። እቁብ እኮ ይኸው ነው፦ አንዱ ሲያንሰው ሌላው ይደርስለታል። በረዶውን ግን ምሽት ላይ ሳይሆን ቀን ቀን፣ መስመሩ በቀለለበት ሰዓት ሥሩ።

ሳፍያን ሳሚልኝ። ፀሐይም ተቀይማ አታውቅም በያት።

አጎትሽ

---

አዳማ፣ መስከረም 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎት፣

እልልታው ከሩቅ ካልተሰማዎት ጆሮዎን ያስመርምሩ። ጳጉሜን ሦስት ፋብሪካው የአንድ ዓመት ውል ፈረመልን! ሦስተኛው መመለስ እንደራቀን ቀረ። ጊደሬ ከበረቷ ንቅንቅ አላለችም።

ነሐሴ ላይ ግን አንድ ሰው አስደነገጠን። ይመር የሚባል፣ ከመብራት ቤት የተላከ ሰው ነው። «ምሽት ላይ ትጎትቱ የነበረው የት ሄደ? ቆጣሪውን ነካክታችኋል?» ብሎ ሽቦ ፍለጋ ጀመረ። ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ጋጥ ገባ፣ ላሜ እግሩን ረገጠችው። ሳፍያ ናት እጁን ይዛ ወደ ገንዳው የወሰደችው።

«እጅህን አግባ» አለችው።

አገባና ዘለለ። «በረዶ!»

«በረዶ አይደለችም፤ የቀኗ ፀሐይ ናት። እዚህ ታድራለች» አለችው፤ እሷው የፈለሰፈችው ይመስል።

ይመር ቁጭ ብሎ ወተት ጠጣ። የሰፈሩ ትራንስፎርመር በየሳምንቱ ፊውዙ ይበጠስ እንደነበርና ከሰኔ ወዲህ አንድ ቀን ብቻ እንደተበጠሰ ነገረን። «ምሽት ላይ ትልቋ ጎታች እናንተ ነበራችሁ። አንድ ጎታች በዚያ ሰዓት ሲቀንስ ለመስመሩ ምን ማለት እንደሆነ መሰላል ላይ የሚወጣው ነው የሚያውቀው» አለ። ሊወጣ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴም ላም አላት» አለኝ። «እቁባችሁ ሞልቷል?»

ያለፈው እሑድ ፀሐይ የመጨረሻዋን ጣለች። እርስዎ የከፈሉላትንም ጨምራ ነው የጣለችው፤ ገንዘቡ በስምዎ ተቀምጧል። የእቁባችን ዳኛ የዋስትና ወረቀትዎን በሁሉ ፊት ለሁለት ቀደደችው። ግማሹ ከዚህ ጋር አለ፤ ግማሹን ሳፍያ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋዋለች። ተስፎም ወደ እናንተ ሲመለስ የያዘው ጆንያ ደግሞ የሳፍያ ካሳ ነው፦ በሶላር ላይ የደረቀ በርበሬ።

ነፃ ወጥተዋል፣ ጋሼ።

ከበቡሽ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ለዘለቄታው

---

ኦሮራ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለከበቡሽና ለሃያ አራቱ ሴቶች፣ ለሃያ አምስተኛዋም፣

ወተታችሁ ይፍሰስ ሳይሆን ይትረፍረፍ፤ ፈረቃም ስማችሁን ይርሳ።

በርበሬው ደረሰ። ሃቫና ስትሪት ሱቅ ያላት ፍሬወይኒ በጣቷ ቀምሳ «ብዙነህ፣ ይሄ ምን የበላ በርበሬ ነው?» አለችኝ። «መብራት» አልኳት። ግማሹን ገዛችኝ። በገንዘቡ ለመኪና የሚሆን አንድ ጎማ ይገዛል፤ ሦስት ጎማና መኪናው ብቻ ቀርተውኛል። በስሜ ያስቀመጣችሁትን ለይመር እናት እጣ አድርጉት፤ ሶላሯን ቶሎ ትትከል። ካምሪ ያረጃል፤ እሷ ግን ገና መጀመሯ ነው።

ብስክሌቱን ለሊዲ ልመልስላት ስል «ኪፕ ኢት ዳዲ፣ አምሮብሃል» አለችኝ። ስለዚህ ትናንት ወደ ሥራ የሄድኩት በእሱ ነው፤ የወረቀቴን ግማሽ መሪው ላይ አስሬ። ክንፉን ሜዳው ላይ አድርሰን ሰቀሉት። ቀስ ብሎ ዞረ፤ ከዚያ ፈጠነ። ከሥሩ ቆሜ ባርኔጣዬን ያዝኩ።

ዋስ የሆንኩለት ሰው ዛሬ የለኝም፤ ሥራ ፈትቻለሁ። ነፋስ እናንተ ጋ መጥቶ እቁብ ልግባ ካለና ዋስ ከጠየቃችሁት፣ አድራሻዬን ስጡት።

ከዕዳ የተፈታው አጎታችሁ ብዙነህ